የእጅ ፍሬን የማይያዝበት ግቢ

ኢንስፔክተሯ ሟቹን ከማየቷ በፊት ራሷ ሰው ለመግደል ትንሽ ነበር የቀራት። ሬሳ አለ ብለው በጠዋቱ አጣድፈው ጠርተዋት፣ ሆስፒታሉን ደጋግማ ብትዞረው መኪናዋን የምትሸጉጥበት ቀዳዳ አጣች። በአጥሩ ዳር መኪና፣ በመግቢያው መኪና፣ «ማቆም ክልክል ነው» በሚለው ምልክት ሥር ደግሞ ተደራርቦ መኪና። በመጨረሻ ተናዳ የሠራተኞቹ ማቆሚያ ውስጥ ዘልቃ ከአንድ ነጭ መኪና ኋላ ገትራ ስትወርድ፣ አንድ ጋዋን የለበሰ ሰው ከፎቅ በመስኮት ብቅ ብሎ ማን እንዳሳደጋት ጠየቃት። መታወቂያዋን ወደ ላይ አንስታ አሳየችው። ፖሊስም ቢሆን ወረፋ አለው ብሎ መስኮቱን ጠረቀመው።

«ይሄ ግቢ ሰው መግደሉ አይገርመኝም» አለች አብሯት ለመጣው ፖሊስ። «የሚገርመኝ እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው።»

ያ ማቆሚያ በምድር ላይ ካሉት ሁሉ ጠባቡ ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም። ልጆች ኳስ ቢጫወቱበት ሁለቱ በረኞች በቆሙበት ሊጨባበጡ ይችላሉ። ከላይ ከድንገተኛ ክፍሉ በር ይጀምርና ቁልቁል ተንሸራቶ ከልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ጋር ይላተማል። እዚያ መሬት ላይ የፈሰሰው ስድብ ቢጠራቀም ግድብ ይሞላል። ባልና ሚስት ተኳርፈውበታል፤ አንድ የአጥንት ሐኪም የጥርስ ሐኪሙን ጥርስ አራግፎበታል። ዛሬ ደግሞ ከግድግዳው ሥር የግቢው ኃላፊ ተጋድሟል።

ሠራተኛው «መስመር» ነበር የሚለው። ማን የት እንደሚያቆም የሚወስነው እሱ ነው። የቀን ተረኞች ሳይገቡ ገና ጎህ ሲቀድ የኖራ ባልዲውን ይዞ ይወርድና ነጩን መስመር በገዛ እጁ ያድሳል። ብሩሹ አሁንም በጣቶቹ መካከል አለ። ባልዲው ተደፍቶ ኖራው ቁልቁል ፈሷል። ደረቱን ከግድግዳው ጋር ያጣበቀችው መኪና አጠገቡ ቆማለች፤ ቀለሟ በፀሐይ ተቃጥሎ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አሮጌ ሰማያዊ መኪና። የነካት ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ስለሚመለስ ስሟ «ጠመኔ» ነው። የጠመኔ ባለቤት፣ የሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ በልብስ ማጠቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች። የተለጠፈባት ጠባቂ እንደ ዛፍ ከፊቷ ተገትሯል።

ዳይሬክተሩ ኢንስፔክተሯን የተቀበላት እዚያው ነው። የሞተውን ሰው ለዓመታት እንደ ቀኝ እጁ ያየው እንደነበር በሐዘን ነገራት፤ ነገሩም ግልጽ ነው አለ። ነርሷ መኪናዋን ያለ ፍሬን ትታ ሄደች፣ መኪናዋ ተንሸራተተች፣ ሰው ሞተ። ትናንት ደግሞ በሰው ፊት ዝታበታለች። አሁኑኑ ቢወስዷት ግቢው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ኢንስፔክተሯ ሲናገር አፉን ሳይሆን ልብሱን ነበር የምታየው። ገና ጠዋት ሆኖ ወበቁ ያነቃል፤ ዳይሬክተሩ ግን በኮቱ ላይ ጋዋን ደርቦ እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጋዋኑ የተጣጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም።

«በጣም ጥሩ፣ ዶክተር» አለች። «እርስዎ መቼ ደረሱ?»

«እንደ ወትሮዬ። በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጣሁ፣ ቦታዬ ላይ አቁሜ ቢሮዬ ገባሁ። ጩኸቱን የሰማሁት ከዚያ ነው።»

«መኪናውስ?»

«ሹፌሩ ለሥራ ይዞት ወጣ።»

አመሰገነችው። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ኢንስፔክተሯን «ወንፊት» ይሏታል፤ አንድ እፍኝ ዱቄት ቢሰጧት እህሉ የበቀለበትን ማሳ ትነግራችኋለች እያሉ። እሷ ግን ይህን ያህል ተአምር አልሠራችም፤ ሰው ሁሉ ሟቹን ከቦ ሲያይ እሷ ሟቹ ያላየውን ነበር የምትፈልገው። መጀመሪያ ከጠመኔ ጎማ ሥር አየች። ድንጋይ የለም። ዞር ዞር ስትል አንድ ጥርብ ድንጋይ ከላይ በእግረኛው መሄጃ ጠርዝ ላይ፣ በሥርዓት፣ እንደ ዳቦ ተቀምጧል። ቀጥላ በመኪናዋ መስኮት ወደ ውስጥ አጮለቀች። የእጅ ፍሬኑ ጣሪያ ሊነካ እስኪቀረው ወደ ላይ ተስቧል።

ዘበኛውን ጠራችው። ጡረታው የደረሰ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። አምቡላንስ ላስገባ በሩን ስከፍት ድምፅ ሰማሁ፣ ሮጬ መጣሁ አለ።

«ከዚያስ፣ አባባ?»

«ከላዩ ልናነሳት ገፋናት። እንቢ አለች። ብንገፋት ብንገፋት ወይ ፍንክች። በኋላ ከልብስ ማጠቢያው ወጥተው አገዙን፣ ተሸክመን ነው ፈቀቅ ያደረግናት።»

«በሯን ማን ከፈተ?»

«ማንም። ዓይኔን አልነቀልኩም።»

«ዛሬ ጠዋት በዚህ በር ማን ማን ገባ?»

ሽማግሌው ጫማውን ማየት ጀመረ። ብዙ ሰው ይገባል፣ ሁሉን ማስታወስ አይቻልም አለ። ሲናገር ዓይኑ አንዴ ወደ ዳይሬክተሩ ሾልኮ ተመለሰ። ኢንስፔክተሯ አልተጫነችውም። ከሚናገር ሰው ይልቅ የሚፈራ ሰው ብዙ ይነግራታል።

ወደ ነርሷ ሄዳ አጠገቧ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የነርሷ ዩኒፎርም ደረቱ ላይ ርሷል። ልጇ ገና ጨቅላ ነው፤ ሌሊቱን ከታናሽ እህቷ ጋር ነው ያደረው፣ ጡት ካልሆነ አይቀበልም። ጡቷ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ እሷ እዚህ ተይዛ፣ ልጁ እዚያ እየጮኸ።

«ዝተሽበታል ይላሉ፣ ሲስተር።»

«ዝቻለሁ» አለች ነርሷ፣ ሳትሸሽ። «ከወሊድ ስመለስ ቦታዬን ለፋርማሲ ኃላፊዋ ሰጥቶ ጠበቀኝ። ይቺው ጠመኔ አንድ ቀን ትወጣብሃለች አልኩት። ይኸው ወጣችበት። አፌን በቆረጠው።»

«መኪናሽን እንዴት ነው ትተሽ የሄድሽው?»

«እንደ ሁላችንም ነዋ። ተደራርበን ስለምናቆም፣ ኋላ የቆመው ሰው መግፋት አለበት። ማርሽ ነጻ፣ በር ክፍት፣ የእጅ ፍሬን ወደ ታች፣ ከጎማ ሥር ድንጋይ። የጠመኔ የመሪ መቆለፊያ ደግሞ እኔ ሳልገዛት በፊት ነው የሞተው። ማንም ሊያሾራት ይችላል።»

«የእጅ ፍሬኑን ረስተሽ ይዘሽው ቢሆንስ?»

ነርሷ ፊቷን አዞረች፤ ከሞቱ ይልቅ ጥያቄው ነበር ያስቆጣት።

«እዚህ ግቢ ማንም የእጅ ፍሬን አይዝም! ይዤ ቢሆን ኖሮ በሌሊት ከዋርድ ጎትተው ያወጡኝ ነበር። ቀዶ ሐኪሙን ይጠይቁት።»

ቀዶ ሐኪሙ ያ ከመስኮት የተሳደበው ሰው ሆኖ ተገኘ። አሁንም አልበረደለትም። መስመር በመሞቱ አለቅስ እንደሆን ብለሽ አትልፊ አላትና፣ ወዲያው አንቺ ማለቱን አስተውሎ አስተካከለ። ቦታውን ከተነጠቀ ዓመት አልፎታል። በዚያው ሰሞን፣ አለ፣ አንዲት ደም የሚፈሳት እናት የያዘ አምቡላንስ እዚህች መግቢያ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አንዱ እርጉም መኪናውን የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ቆልፎ ሄዶ ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ጓንቱን እንዳጠለቀ ከፎቅ ወርዶ በትከሻው ገፋ። መኪናዋ አልነቃነቅ አለች። ሴትየዋ ከበሩ በጩኸት ርቀት ላይ ሞተች።

«በማግስቱ ሠራተኛውን በሙሉ እዚህ ሰብስቤ አስማልኩ» አለ። «ከዚያ ወዲህ እዚህ ተደርባ የእጅ ፍሬን የተያዘባት መኪና የለችም። እኔ ራሴ ቤቴ እንኳ መያዝ ትቼአለሁ፤ እጄ አይሄድም። ድንጋዩንም አንስቶ ጠርዝ ላይ ነው የሚያስቀምጠው ሁሉም፤ መንገድ ላይ የተጣለ ድንጋይ በሽተኛ የያዘ አልጋ ገልብጦብናል።»

«እናንተ ስትገፉ እንዴት ነው የምትገፉት?»

«ጠመኔን? ከኋላ፣ በመስታወቷ በኩል። ሌላ ቦታ የነካት የቀለም ጆንያ ነው የሚመስለው።»

የነርሷ ቦታ የተሰጣት ፋርማሲስቷ ወሬውን ሰምታ ሳትጠራ መጣች። በመጀመሪያ ቦታዋን ለመንጠቅ የሚደረግ ሴራ እንደሆነ ተናገረች፣ በሁለተኛ ሟቹ መስመሯን በአንድ ስንዝር አጥብቦባት እንደነበረ ተናገረች፣ ለሐዘን ጊዜ አልተረፋትም። ኢንስፔክተሯ ያንን ጥርብ ድንጋይ እያሳየች ይሄ ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት።

«ድንጋይ ነዋ።»

«ለምን እዚያ ተቀመጠ?»

«እኔ በምን አውቄ? ድንጋይ የሚያስቀምጡትን ይጠይቁ። እኔ መኪና የምገፋ እመስላለሁ?»

አትመስልም። ጥፍሯ ብቻ ለአንድ ወር የሚበቃ ሥራ ተሠርቶበታል።

ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ወደ ላይ ወጣች። ከድንገተኛ ክፍሉ በር አጠገብ፣ ጥላ ያለው፣ ሰንሰለት የተደረገበት፣ መላው ሆስፒታል በሕልሙ የሚያየው አንድ ቦታ አለ፤ የዳይሬክተሩ ነው። ሰንሰለቱን ተሻግራ ጎንበስ አለች። ከዛፉ የረገፈው ደረቅ ቅጠል ከዳር እስከ ዳር ተነጥፏል። አንዱን በጫማዋ ረገጠችው፤ ተንኮሻኮሸና ደቀቀ። ከረገጠችው በቀር የደቀቀ አልነበረም።

ቀና ስትል እንደ ማንኛውም ሹፌር ቦታው አማራት፤ በራሷ ተናደደች። ከዚያ ሁሉም ይሰብሰብ አለች።

ልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ሥር ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል፤ ኖራው ግን አልተነሣም። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን እያየ ነርሷ ለምን እስካሁን እንዳልተወሰደች ጠየቀ። ነርሷ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች፤ እህቷ ደጋግማ ደውላላታለች፣ በስልኩ የልጁ ለቅሶ ለሁሉም ተሰምቷል።

«ቶሎ እንጨርሳለን» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚህ ከእናንተ መሐል የሚጣደፍ አፍ አለ፣ የተራበው ሕፃን ደግሞ ሌላ ቦታ ይጠብቃል። መጀመሪያ፣ ይሄ አደጋ አይደለም። ድንጋዩ ተንሸራቶ ቢሆን ኖሮ ከመኪናዋ በታች ተንከባሎ ይገኝ ነበር። ጠርዝ ላይ ወጥቶ አይቀመጥም። ድንጋዩን ያነሣው ሰው የእናንተን ሥርዓት ያውቃል።»

ፋርማሲስቷ በረጅሙ ተነፈሰች። እሷ አለማወቋን ሁሉም ያውቃል።

«ሁለተኛ፣ መኪናዋ ወደ ግድግዳው ደርሳ ሰውየውን ከመታችው በኋላ አንድ ሰው የእጅ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሉ ስቧል። የሰዎቹ መግፋት አልሠራም፤ ተሸክመዋት ነው ያነሷት። ፍሬኑ ቀድሞ ተይዞ ቢሆንማ እዚህ ድረስ አትወርድም ነበር። ገፊው በር ከፍቶ፣ መሪዋን ይዞ፣ ወደ ሰውየው አዞራት። መታችው። ያን ጊዜ የሠራው ነገር አስደነገጠውና እጁ ሳያስበው ወደ ፍሬኑ ሄደ። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው የለመደውን ነው።»

ቀዶ ሐኪሙ ቀስ ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ። ገብቶታል።

«እናንተ የለመዳችሁት ግን ሌላ ነው» አለች። «ሲስተር ብትሆን ድንጋይ ትወረውራለች እንጂ ፍሬን አትነካም። ዘበኛውም እንደዚያው። ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ፣ ያቺን እናት ካዩ በኋላ፣ ቤታቸው እንኳ እጃቸው አይሄድም። ፋርማሲስቷ የራሷ ቦታ ስላላት ፍሬን ትይዛለች፣ የድንጋዩን ወግ ግን አታውቅም። ስለዚህ የምንፈልገው ግማሹን የሚያውቅ ሰው ነው። ድንጋዩን ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ሰሞኑን የተማረ፣ እጁ ግን ገና የራሱ ቦታ እንዳለው ሰው የእጅ ፍሬን የሚይዝ። ዕድሜ ልኩን ቦታ የነበረው፣ በዚህ ሳምንት ያጣ።»

«እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም» አለ ዳይሬክተሩ።

«መኪናዎ የት ነው ያለው፣ ዶክተር?»

«ነግሬዎታለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ቦታዬ ላይ አቆምኩ ብለውኛል። ቦታዎ ላይ ያለውን ደረቅ ቅጠል አንድም ጎማ አልረገጠውም። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከቀናት ወዲህ እዚያ አልቆመም።» ወደ ዘበኛው ዞረች። «አባባ፣ አሁን ይናገሩ። ዝም ካሉ ይቺ ልጅ ናት የምትሄደው።»

ሽማግሌው ነርሷን አየ፣ የራሰውን ደረቷን አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«መኪናው ጋራዥ ገብቷል» አለ። «ከሳምንቱ መጀመሪያ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ በራሳቸው መኪና ነው የሚመጡት። መስመር ቦታቸው ላይ አላስቆም አላቸው፤ መኪናው የማቆሚያ ፈቃድ ስቲከር የለውም ብሎ። ታች ከእኛ ጋር ሲደርቡ ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥለው፣ እኔ ነኝ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ ብዬ የተቆጣኋቸው። ዛሬም ገብተዋል። መኪናቸውን አስነሥተው ተጣድፈው ሲወጡ አይቻለሁ፤ ከአጥሩ ዳር ትተውት ነው የተመለሱት። አንተ ምንም አላየህም አሉኝ፤ ጡረታህን አስብ አሉኝ።»

«ይሄ ሽማግሌ ጃጅቷል» አለ ዳይሬክተሩ።

«ይሆናል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጠመኔ ግን አልጃጀችም። ልምድ ያለው ከኋላ በመስታወቷ ይገፋታል። መሪዋን የያዘ ሰው ግን በበሩ በኩል በትከሻው ነው የሚገፋት። በዚህ ሙቀት ያን ጋዋን ያውልቁልኝ።»

ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ከወጣ ጀምሮ ጋዋን ለብሶ አይተው እንደማያውቁ ጮክ ብሎ ተናገረ። ዳይሬክተሩ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ጋዋኑ ሲወርድ፣ ከጥቁሩ ኮት ትከሻ እስከ ክርኑ፣ ሰማይ የተቀባበት ይመስል ነበር።

የቀረውን ራሱ ተናገረ፤ ለኢንስፔክተሯ ሳይሆን ለግድግዳው ነበር የሚመስለው። ስቲከር የሌለው መኪና በተመደበ ቦታ አይቆምም የሚለውን ደንብ የፈረመው ራሱ ነው፣ ሳያነበው። መስመር ደንቡን ይዞ ፊቱ ቆመ። ለመኪናው ክፍተት ሊፈጥር፣ ሆስፒታሉን በሙሉ የሚያስተዳድር ሰው፣ በሙሉ ልብሱ የነርስ መኪና ሲገፋ፣ ያ ሰው ብሩሹን ይዞ እየሳቀ አየው።

«ምን አለዎት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ይግፉ፣ ዶክተር፣ ይግፉ አለኝ። ሲስተሮቹ በየቀኑ ነው የሚገፉት አለኝ።» በዳይሬክተሩ ድምፅ ውስጥ ከጸጸት ይልቅ አሁንም ቁጣ ነበር። «መሪውን ትንሽ ነው ያዞርኩት።»

«እርስዎ እሷ ላይ ያላከኩት ግን ትንሽ አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ከዚህ በኋላ አንቱታዋ ቀረ። «አንዱን የገደልከው በንዴት ነው። ይቺን ግን ጡቷ እየፈሰሰ እያየህ፣ በሰከነ ልብ፣ አስበህበት ነው የወነጀልካት።» ፖሊሱን በዓይኗ ጠቀሰችው። ዳይሬክተሩን ይዞት ሲወጣ ኖራው ላይ ረገጡ፤ እስከ በሩ ድረስ ነጭ ኮቴ ተከተላቸው።

ሰዎቹ አልተበተኑም። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ላይ፣ ሰንሰለት ወዳለበት ወደዚያ ቦታ ማየት ጀመሩ። ፋርማሲስቷ የእሷ ቦታ ፀሐይ እንደሚመታው፣ መድኃኒት የምታመላልስ ሰው ጥላ እንደሚገባት ተናገረች። ቀዶ ሐኪሙ ሰው ስንቴ ይሙት አላት። እሷም መለሰችለት። ወዲያው ግቢው የወትሮውን ድምፅ አወጣ፤ የሞተው ሰው ኖራ ገና አልደረቀም ነበር።

ኢንስፔክተሯ ነርሷን በክንዷ ይዛ ወደ መኪናዋ ወሰደቻት። ጠመኔ ማስረጃ ናት፣ ትቀራለች፤ ስለዚህ ራሷ ቤቷ ልታደርሳት ነው። ሲደርሱ የኢንስፔክተሯን መኪና ከኋላ ዘግቶ አንድ ቀይ መኪና ተደርቧል። ኢንስፔክተሯ ደሟ ፈላ። ማን ነው ብላ ልትጮኽ አፏን ከፍታ ተወችው፤ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። የእጅ ፍሬኑ ወደ ታች ነው። ከጎማው ሥር ድንጋይ አለ።

ነርሷ ልትረዳት መጣች። «አንቺ ግቢ» አለቻት ኢንስፔክተሯ፣ «ልጅሽ ይጠብቅሻል።»

ድንጋዩን አንሥታ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከኋላ በኩል፣ በመስታወቱ፣ ገፋች።